ወደ ኮምፒውተር የገባ የቤተሰብ ቪዲዮ፦ አቆራረጡን ከየት ልጀምር?

በሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 9 ቀን 2017

ጤና ይስጥልኝ። በቤታችን ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው የቆዩትን የቪዲዮ ካሴቶች አዲስ አበባ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ በአንድ ሃርድ ዲስክ ልኮልኛል። አብዛኞቹ በ1990ዎቹ ሚኒ ዲቪ በተባለው ትንሽ ዲጂታል ካሴት በሚሠራ ካሜራ የተቀረጹ ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ከዚያ ቀደም ብለው በቪ ኤች ኤስ የተቀረጹ ናቸው። የታላቅ እኅቴ ሠርግ ከሽምግልናው እስከ መልሱ ድረስ አለ፤ መንዝ የነበሩት እናት አያቴ ሱፍ እየፈተሉ የልጅነታቸውን ዘመን ሲያወሩ አለ፤ ወንድ አያቴም ሙሽሮቹን ሲመርቁ አለ። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት ስለሌሉ ድምፃቸውን የምናገኘው ከዚህ ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያሉት ወንድሞቼና እኅቶቼ ለገና ሁላችንም ተቀምጠን የምናየው አንድ አጠር ያለ ቪዲዮ እንዳዘጋጅላቸው ጠይቀውኛል። ለቪዲዮ ቤት ሰጥቼ ማሠራት አልፈለግሁም፤ የትኛው ንግግር ቀርቶ የትኛው እንደሚወጣ መወሰን ያለበት ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። በእጄ ያለው 8 ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ነው፤ በኤዲቲንግ ሥራም ልምድ የለኝም። በየትኛው ሶፍትዌር ልጀምር? ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቀረጻ የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት በምን ይታወቃል? ሰው ፈጠን ብሎ ሲንቀሳቀስም በአካሉ ዳርና ዳር ቀጫጭን አግድም መስመሮች ይታዩኛልና ምክንያቱን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።


ጣርማ በር (ደብረ ሲና)
ኅዳር 9 ቀን 2017

ውሳኔዎ መልካም ነው። በቪዲዮ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ላካፍልዎ።

ሶፍትዌሩን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ነገር በደንብ ቢረዱ ፍርሃቱ ይቀልልዎታል። በዛሬዎቹ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ታይምላይን (ቀረጻዎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ሲቆርጡ ዋናው ፋይል አይነካም። ሶፍትዌሩ የሚመዘግበው ከየትኛው ፋይል፣ ከየትኛው ሰከንድ እስከ የትኛው ሰከንድ እንደሚታይ ብቻ ሲሆን፣ ይህ መመሪያ የሚቀመጥበት የፕሮጀክት ፋይልም በጣም ትንሽ ነው። ስለዚህ በድፍረት መቁረጥ፣ መመለስና እንደገና መቁረጥ ይቻላል። በአንጻሩ ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ዋናዎቹን ፋይሎች ወደ ሌላ ፎልደር ቢያዛውሩ ወይም ስማቸውን ቢቀይሩ ሶፍትዌሩ ያሉበትን ያጣል። ስም ማውጣቱንና ፎልደር ማደራጀቱን አስቀድመው ይጨርሱ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የፕሮጀክት ፋይሉን ብቻ ለእኅትዎ ቢልኩላትም ምንም አይታያትም፤ ቪዲዮው ያለው በእርስዎ ዲስክ ላይ ነውና።

ለእርስዎ ላፕቶፕ ሾትከትን እመክራለሁ። ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል፤ አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኬደንላይቭም እንዲሁ ነፃና ጥሩ ነው። የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ እጅግ ብርቱ ቢሆንም ጠንካራ የግራፊክስ ካርድና ሰፊ ራም ስለሚፈልግ በ8 ጊጋባይት ላይ ያስቸግራል። ብዙ ሰው የለመደውን ዊንዶውስ ሙቪ ሜከርን ማይክሮሶፍት በ2017 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ማቅረብ አቁሟል፤ በዚያ ስም ከማይታወቅ ድረ ገጽ የሚወርድ ነገር ላፕቶፕዎ ላይ ባይጭኑ ይሻላል።

ሌላው እድልዎ የሚኒ ዲቪው ፋይል ለተማሪ የተመቸ መሆኑ ነው። እኛ አገር በተለመደው፣ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀረጸ ዲቪ በሰከንድ 25 ፍሬም ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፍሬምም ራሱን የቻለ ሙሉ ምስል ነው። ስለዚህ በፈለጉት ፍሬም ላይ ቢቆርጡ ኮምፒውተሩ አይደናገርም። የስልክ ቪዲዮ ግን በአብዛኛው ኤች 264 በተባለው የማመቂያ ዘዴ ወይም ከእሱ በኋላ በመጣው ኤች 265 የታመቀ ነው፤ ሙሉ ምስል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ሲሆን በመካከል ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤታቸው የተለወጠውን ብቻ ይይዛሉ። ፋይሉ የሚያንሰውም፣ ላፕቶፑ ወደፊትና ወደኋላ ሲያጫውተው የሚንገዳገደውም ለዚህ ነው። የስልክ ቀረጻ ለመጨመር ካሰቡ ሾትከት ለኤዲቲንግ ወደሚመች ቅርጽ ልቀይረው ወይ ብሎ ሲጠይቅዎ እሺ ይበሉት። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚቀርጹት የፍሬም ብዛት ስለሚዋዥቅ፣ ሳይቀየር ከቀረ ቪዲዮው በረዘመ ቁጥር ድምፁ ከከንፈር እየራቀ ይሄዳል።

ልምምዱን በሠርጉ አይጀምሩት። አንድ አጭር ቀረጻ፣ ለምሳሌ ቡና ሲፈላ የተቀረጸውን፣ ታይምላይን ላይ ያስቀምጡና በኪቦርድ መቁረጥን ይልመዱ። የኤስ ቁልፍ ጠቋሚው መስመር ባለበት ይቆርጣል፤ የኤክስ ቁልፍ የተመረጠውን ቁራጭ አጥፍቶ ቀጣዩን ወደ ክፍተቱ ይስባል፤ የዜድ ቁልፍ ደግሞ ቁራጩን አንሥቶ ክፍተቱን ባዶ ይተወዋል። ጄ፣ ኬ እና ኤል ወደኋላ ማጫወቻ፣ ማቆሚያና ወደፊት ማጫወቻ ናቸው። ጣትዎ እነዚህን ከለመደ ዓይንዎ ከቪዲዮው ላይ አይነሣም፤ ጥሩ ቆራጭ ከሌላው የሚለየውም በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ መስመሮቹ በኋላ እመለስበታለሁ።


ቀወት ቆላ (ሸዋ ሮቢት)
ኅዳር 10 ቀን 2017

ጣርማ በር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ ስለ ዲስኩ ጥቂት ልጨምር።

አንድ ሰዓት የዲቪ ቀረጻ ወደ 13 ጊጋባይት ይደርሳል፤ አሥር የአንድ ሰዓት ካሴት ቢኖር 130 ጊጋባይት ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ከሆነ ዲስኩ በወደቀ ቀን ሁሉም ነገር ያበቃል። አንድም ቁራጭ ሳይቆርጡ በፊት ሁለተኛ ዲስክ ገዝተው ይገልብጡና ሌላ ቤት ያስቀምጡት። አዲሱ ዲስክ ወይም ፍላሽ ፋት 32 በተባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ሃያ ደቂቃ ያህል የዲቪ ቀረጻ እንኳ አይገባበትም። ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጎ ፎርማት ማድረግ ይፈታዋል፤ ፎርማት ሲደረግ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አይዘንጉ።

ካሴቶቹንም አይጣሉ። እንደ እኛ ባለ ቆላ አገር ሙቀቱ ካሴትን ይጎዳል፤ የእናንተ ደጋ ለማስቀመጥ ይሻላል፤ እርጥበት እንዳይነካቸው ብቻ ይጠንቀቁ። አንዱ ካሴት ዳግም መገልበጥ ካስፈለገ፣ ካሜራው ከብርዱ ወጥቶ ወደ ሞቀ ክፍል እንደገባ ወዲያው አያስነሡት። በውስጡ ጤዛ ይፈጠርና ቴፑ ከሚሽከረከረው የማንበቢያ ራስ ጋር ይጣበቃል። ብዙ ካሜራዎች ራሳቸው ምልክት አሳይተው ይቆማሉ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል መታገሥ ያስፈልጋል።

መብራትን በተመለከተ ላፕቶፕ መሆኑ በጅቷል። ባትሪው ከደከመ ግን በየጊዜው ሴቭ ማድረግን ልማድ ያድርጉት።


ሰላ ድንጋይ
ኅዳር 10 ቀን 2017

ከሁላችሁም የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ በቅንነት እንድትቀበሉልኝ እጠይቃለሁ። የቤተሰብ ቪዲዮ መቆረጥ የለበትም ብዬ አምናለሁ። የሠርግ ካሴት ላይ ሁሉም ሰው ረዘመ ብሎ የሚያልፈው ካሜራው ዳሱ ውስጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ እየዞረ እንግዶቹን አንድ በአንድ የሚያሳይበትን ክፍል ነው። ሙሽራና ሙሽሪት አይታዩበትም፤ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል፣ አንዳንዱ ካሜራውን አይቶ ፊቱን ያዞራል። ይሁን እንጂ ከእነዚያ እንግዶች መካከል ፎቶ እንኳ ያልነበራቸው ጎረቤቶች አሉ፤ በዓለም ላይ የቀረላቸው ምስል ያ ብቻ ነው። ዛሬ አሰልቺ ነው ብለን ያወጣነውን ነገ የአንዱ ጎረቤት ልጅ የአባቱን ፊት ፈልጎ ሲመጣ ምን ብለን እንመልስለታለን?


ጣርማ በር (ደብረ ሲና)
ኅዳር 10 ቀን 2017

ሰላ ድንጋይ ያነሡት ነጥብ ከባድ ነው፤ እኔም እጋራዋለሁ። ሆኖም ሁለቱን ሥራዎች መለየት ያስፈልጋል። ሙሉው ቀረጻ ሳይቆረጥ፣ እንደ ተገለበጠ፣ ለዘለቄታው ይቀመጣል፤ የፈለገ ሁሉ ከዚያ ይወስዳል። ለገና የሚታየው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰዓት የፈጀ ሠርግ እንዳለ ቢቀርብ ልጆች ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ ይበተናሉ፤ አያቶቻቸውንም ሳያዩ ይቀራሉ። የተቆረጠው ቪዲዮ ሰውን ወደ ሙሉው የሚጠራ ከሆነ ጉዳት የለውም። የዳሱን ዙሪያ ግን ሙሉ በሙሉ አታውጡት፤ ከአዝማሪው ዘፈን በታች ምስሉን ብቻ አስገቡት፤ ያን ጊዜ ማንም አይሰለችም፤ ሁሉም ጎረቤቱን ይፈልጋል።


የመንዝ በርኖስ (መሐል ሜዳ)
ኅዳር 11 ቀን 2017

ልጄ፣ የት ላይ ይቆረጣል ብለህ የጠየቅኸው ጥያቄ ከሶፍትዌሩ ይበልጥ ስለሚያሳስበኝ እሱን ብቻ ልመልስ። በመምህርነት ብዙ ዘመን አገልግያለሁ፤ ከጡረታ በኋላ የአካባቢያችንን ሽማግሌዎች እየቀረጽሁ ንግግራቸውን አሰናዳለሁ። የተማርኩት ነገር ቢኖር የሰው ንግግር መቆረጥ ያለበት በምስሉ ተመርቶ አለመሆኑን ነው። ጆሮ ይምራህ፤ ዓይን ይከተል።

የአያትህን ምርቃት ውሰድ። ምርቃት የአንድ ሰው ንግግር አይደለም። አባት «ውለዱ ክበዱ» ይላሉ፤ ቤቱ «አሜን» ይላል። «አብርሃምና ሣራ ያድርጋችሁ» ይላሉ፤ ቤቱ «አሜን» ይላል። ታይምላይን ላይ የድምፁን ሞገድ ሰፋ አድርገህ ብታየው ይህ በዓይን ይታይሃል፦ የአያትህ ድምፅ ዝቅ ያለና የረዘመ ጉብታ ሆኖ ይመጣል፤ ከኋላው የብዙ ሰው አሜን ቀጥ ብሎ የወጣ አጭር ከፍታ ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያም ትንፋሽ የሚስቡበት ቀጭን መስመር አለ። የምትቆርጠው በዚያች ቀጭን መስመር ላይ ነው እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ብዙ የሠርግ ቪዲዮ ላይ የምርቃቱ ቃል እንዳለቀ አሜኑ ሳይሰማ ወደ ሌላ ምስል ሲዘለል አያለሁ፤ ያን ጊዜ ምርቃቱ ሳይደርስ የቀረ ይመስለኛል። ማሳጠር ካለብህ አንድን ምርቃት ከነአሜኑ አውጣ፤ ግማሹን ትተህ ግማሹን አታስቀር።

የሴት አያትህ ጭውውት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ሱፍ የሚፈትል ሰው ሲያወራ የእንዝርቱን አዟዟር ተከትሎ ነው የሚያወራው፤ ክሩ ሲረዝም ዝም ይላል፣ እንዝርቱ ላይ ሲጠቀልለው ይቀጥላል። ያ ዝምታ ባዶ ቦታ መስሎህ በሙሉ እየቆረጥህ ብታገጣጥመው ንግግሩ ይፈጥናል፤ አያትህም የማታውቃቸው ሴት ይሆኑብሃል። ሳልን፣ የካሜራውን መናወጥ፣ ከውጭ የገባ ሰው ያቋረጠውን ንግግር አውጣ። ወሬውን የሚሸከመውን ዝምታ ግን ተወው። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ቃል ክብደት ያለው መሆኑን አዳምጠህ ፍረድ።


በሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 16 ቀን 2017

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ ዲስክ ገዝቼ ገልብጫለሁ፤ ሾትከትንም ለምጄዋለሁ። የምርቃቱን ክፍል እንዳሉኝ አሰናድቼው እናቴ አይታ ደስ ብሏታል። የሴት አያቴ ክፍል ላይ ግን ችግር ገጥሞኛል። ንግግሩን ሁለት ቦታ ላይ ሳሳጥር፣ መቁረጫው ላይ የአያቴ ራስ በድንገት ከግራ ወደ ቀኝ ይዘላል፤ ድምፁም ጧ ብሎ ይቀየራል። ከዚህም ሌላ ደጅ ላይ ሆነው የተቀረጹት ቃለ ምልልሶች በነፋስ ጉምጉምታ ተሞልተዋል። የቪ ኤች ኤሱ ድምፅ ደግሞ በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው።


ጣርማ በር (ደብረ ሲና)
ኅዳር 16 ቀን 2017

የምስሉ ዝላይ የሚፈታው በመሸፈን ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ብርሃን የተቀረጸ ሌላ ምስል ይፈልጉ፤ እጃቸው እንዝርቱን ሲያዞር፣ የሱፉ ቅርጫት፣ በር ላይ የቆመ ልጅ። ያንን ከላይ ባለው የቪዲዮ ትራክ ላይ፣ መቁረጫው ከመድረሱ ሁለት ሰከንድ ያህል ቀደም ብሎ እንዲጀምርና ከመቁረጫው ትንሽ አልፎ እንዲያበቃ ያድርጉት፤ ድምፁንም ይዝጉት። ተመልካቹ የሚያየው እጃቸውን፣ የሚሰማው ንግግራቸውን ነው፤ ዝላዩ በመካከሉ ሳይታይ ያልፋል። ሌላ ምስል ከሌለ ደግሞ መቁረጫውን አይደብቁት፤ ለአጭር ጊዜ ወደ ጥቁር አጥፍተው ይመልሱት። ሐቀኛ አቆራረጥ ነው፤ ተመልካቹም ጊዜ እንዳለፈ ይረዳል።

ድምፁ ጧ የሚለው ሁለቱ ቁራጮች ሲገናኙ ሞገዱ በድንገት ስለሚሰበር ነው። በእያንዳንዱ መቁረጫ ላይ የሁለት ወይም የሦስት ፍሬም ያህል አጭር የድምፅ መደብዘዝ ያስገቡበት። ክፍሉ ራሱም ድምፅ አለው፤ እሳቱ ይንጣጣል፣ ከውጭ ዶሮ ይሰማል። ማንም የማይናገርበትን ጥቂት ሰከንድ ከዚያው ቀረጻ ላይ ፈልገው ይቅዱና ክፍተት በተፈጠረበት ሁሉ ከሥር ያስገቡት። ፍጹም ጸጥታ ያለበት ክፍተት ሰውን ያስደነግጣል፤ መሣሪያው የተበላሸ ያስመስላል።

ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ምስልና ድምፅ በአንድ ቅጽበት አብረው መቆረጥ የለባቸውም። ድምፁን ከምስሉ ለይተው፣ ለምሳሌ የአያትዎ ጓዳ ገና እየታየ ሳለ የሠርጉ እልልታ ከሥር ቀስ ብሎ ይጀምር፤ ምስሉ ወደ ዳሱ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ለአንድ ጀማሪ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል ይህንን አስተምራለሁ።

ለነፋሱ የሃይ ፓስ ማጣሪያውን (ወፍራሙን ዝቅተኛ ድምፅ የሚቀንሰውን) ከ80 ኸርዝ ይጀምሩና ጉምጉምታው እስኪቀንስ ወደ 100 ከፍ ያድርጉት፤ ከዚያ በላይ ቢሄዱ የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሳሳል። የመንዝ ነፋስ ማይክሮፎኑን ደብድቦ ድምፁን ከሰበረው ግን ማጣሪያ አያድነውም፤ እንዲህ ባለ ቦታ ቃሉን በጽሑፍ ከምስሉ ግርጌ ማስቀመጥ ይሻላል። በአንድ ጆሮ ብቻ ለሚሰማው ቻናል የሚቀዳ ማጣሪያ ሾትከት ውስጥ አለ፤ ግራውን ወደ ቀኝ ይቅዱት።


ሰላ ድንጋይ
ኅዳር 17 ቀን 2017

አዝማሪውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። መቁረጡ ካልቀረ፣ በሁለቱ ስንኞች መካከል አትቁረጡ። አዝማሪ ሰሙን በመጀመሪያው ስንኝ አስይዞ ወርቁን በሁለተኛው የሚያወጣበት ጊዜ አለ፤ ግማሹ ከተቆረጠ ግጥሙ ሞተ። «ተቀበል» ብሎ ግጥም የሚሰጠውን እንግዳም አታውጡት። ካሜራው ከሩቅ ስለሆነ ድምፁ በደንብ አይሰማም ተብሎ ብዙ ጊዜ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አዝማሪው የሚደግመው ግጥም የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዘፈኑን የምታሳጥሩት ማሲንቆው ብቻውን በሚሄድበት ቦታ ላይ ነው፤ የምቱን መነሻ ጠብቃችሁ ብትገጥሙት መጋጠሚያው አይታወቅም።


ሞረትና ጅሩ (እነዋሪ)
ኅዳር 18 ቀን 2017

ስለ ጽሑፍና ስለ ቀን ትንሽ ልበል።

ርዕስና ስም በአማርኛ ስትጽፉ የዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሠራር) ፊደል ተጠቀሙ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እንደ አውሮፓውያን) ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩት አሮጌ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የመጣው ናያላ ወይም በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ይበቃል። የፊደሉ አካል ወፈር ያለ ይሁን፤ በአሮጌ ቀረጻ ላይ ቀጭን ፊደል፣ በተለይም በ«ሐ» እና በ«ጠ» እግሮች ላይ፣ ይሟሟል። ጽሑፉን ከጠርዝ አርቁት፤ አንዳንድ ቴሌቪዥን ጠርዙን ይቆርጣል።

የዲቪ ካሜራ ቴፑ ላይ ከምስሉ ጋር የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግባል። ሲገለበጥ ሶፍትዌሩ በዚህ ተመርቶ ቀረጻዎቹን በየትዕይንቱ ሊከፋፍልላችሁ ይችላል። የካሜራው ሰዓት በትክክል ተሞልቶ ከነበረ፣ ለምሳሌ ጃንዋሪ 29 ቀን 2006 ካለ ጥር 21 ቀን 1998 ማለት ነው፤ እሑድ ቀን፣ አስተርእዮ ማርያም፤ የሠርግ ወቅት ስለሆነ አያሳስትም። የፋይሉን ስም ዓመቱን አስቀድማችሁ፣ ወሩንና ቀኑን አስከትላችሁ፣ 1998-05-21 ብትሉት ኮምፒውተሩ ራሱ በቅደም ተከተል ይደረድረዋል። ሰዓቱም ላይ የስድስት ሰዓቱን ልዩነት አስቡ፤ ካሜራው 9 ካለ ጧት ሦስት ሰዓት ነው።


በሬሳ ማዶ (ደብረ ብርሃን)
ኅዳር 27 ቀን 2017

ሥራው ሊጠናቀቅ ተቃርቧል። አርባ ደቂቃ ያህል ሆኗል፤ የዳሱ ዙሪያ ከአዝማሪው ጋር ገብቷል። እናቴ አንድ የለቅሶ ክፍል እንዲወጣ ስለጠየቀችኝ አውጥቻለሁ፤ በሙሉው ቀረጻ ላይ ግን አለ። አሁን የቀረኝ የመጨረሻውን ፋይል ማውጣት ነው። መስመሮቹም ገና አሉ። ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ በቴሌግራም መላክ እችላለሁ?


ጣርማ በር (ደብረ ሲና)
ኅዳር 27 ቀን 2017

የለቅሶውን ክፍል በተመለከተ በትክክል አድርገዋል። ለብዙ ሰው የሚላክ ቪዲዮ ላይ የሐዘን ምስል የሚገባው የሟቹ ቤተሰብ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

መስመሮቹ ጉዳት አይደሉም። የድሮ ካሜራ እያንዳንዱን ፍሬም በሁለት ግማሽ ነው የሚቀርጸው፤ በመጀመሪያ ግማሾቹን መስመሮች፣ ከአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ በኋላ ደግሞ በመካከላቸው ያሉትን። በአሮጌው ቴሌቪዥን ላይ ይህ አይታይም ነበር፤ የኮምፒውተር ስክሪን ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ፣ በሁለቱ መካከል የተንቀሳቀሰው እጅ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ፋይሉን ሲያወጡ ዲኢንተርሌስ የሚለውን (ሁለቱን ግማሾች ወደ ሙሉ ምስል የሚለውጠውን) ምርጫ ያብሩት፤ ያዲፍ የሚባለው ዘዴ ጥሩ ነው። ቀረጻው ዲቪ ከሆነ የታችኛው ግማሽ እንደሚቀድም ሶፍትዌሩ ማወቁን በፋይሉ መግለጫ ላይ ያረጋግጡ፤ ተገልብጦ ከተያዘ እስክስታው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ይህን የሚያደርጉት በሚላከው ቅጂ ላይ ብቻ ነው፤ በሚቀመጠው ዋና ፋይል ላይ አያድርጉት።

ምስሉን ጎትተው ሰፊውን ስክሪን አያስሞሉት። የዚያ ዘመን ቀረጻ 4 ለ 3 ነው፤ ቢጎተት የሁሉም ፊት ይሰፋል። በሁለቱ ጎን ጥቁር ቢቀር ምንም አይደለም። የቪ ኤች ኤሱ ግርጌ ላይ የሚርመሰመሱት ጥቂት መስመሮች የማጫወቻው ራሶች ሲቀያየሩ የሚፈጠሩ ናቸው፤ እነሱን ብቻ ቆርጠው በጥቁር ይሸፍኗቸው።

የሚወጣው ፋይል ኤምፒ 4፣ ምስሉ ኤች 264፣ ድምፁ ኤኤሲ በ48 ኪሎኸርዝ ይሁን፤ ይህን ስልኩም ቴሌቪዥኑም ያጫውተዋል። በሰከንድ 4 ሜጋቢት ካደረጉት አርባ ደቂቃው 1.2 ጊጋባይት ያህል ይሆናል፤ ቴሌግራም በነፃው አገልግሎት እስከ 2 ጊጋባይት ስለሚቀበል ያልፋል። ሲልኩ ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ቴሌግራም እንደገና ሊያምቀው ይችላል፤ ከአሮጌ ካሴት የወጣ ምስል ደግሞ ሁለተኛ መታመቅን አይችልም። ከመላክዎ በፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ በስልክዎ፣ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ይዩት፤ የፊደሉ መጠንና የድምፁ ከፍታ በሁለቱ ላይ እጅግ ይለያያል።